ጎሽ ያለበት ሳንቲም

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው ነገሩ። ጋሽ ሽኩር የሚባሉ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ መሬት ላይ ከዘረጉት ብሎንና ቁልፍ መሃል አንድ ሳንቲም አነሳሁ። «የአሜሪካ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በአንድ ፊቱ ጎሽ፣ በሌላው ፊቱ ላባ የሰካ ሰውዬ ያለበት የድሮ አምስት ሳንቲም ነው። ኢንተርኔት ቤት አንብቤያለሁ፤ ሰውዬው ትከሻ ላይ ያለችው ዓመተ ምሕረት ካልጠፋች ዋጋው ሌላ ነው። የዚህኛው ቁልጭ ብላ ትነበባለች። ልቤ ዘለለ፣ ፊቴን ግን አኮሳተርኩ። መርካቶ ውስጥ የወደዱትን ዕቃ ካላጣጣሉ በርካሽ አይገዙም።

«ይሄማ ፎርጅድ ነው ጋሼ። ሳንቲም ላይ ከብት ይሳላል እንዴ?» እያልኩ አራከስኩት። ተቀብለውኝ አገላብጠው አዩትና አዘኑ።

«ልክ ሳትሆን አትቀርም ልጄ። እኔ ደግሞ ለደንበኛ የውሸት ዕቃ አልሸጥም፣ ሐራም ነው።»

«ግዴለም፣ ለልጅ መጫወቻ ይሆናል» ብል ማን ይስማኝ። ትልቅ ሚስማር አንስተው የጎሹን ሆድ በመዶሻ በሱት። ሚስማሩ የገባው እኔ ሆድ ውስጥ መሰለኝ። ከዚያ መያዣው በወለቀ የማንቆርቆሪያ ክዳን ላይ መያዣ እንዲሆን በብሎን አጥብቀው አሰሩት።

ምን ይደረግ፣ የማንቆርቆሪያውን ዋጋ ጠየቅኩ። የጠሩት ዋጋ አዲስ ማንቆርቆሪያ ይገዛል።

«ጋሼ፣ ለዚህ አሮጌ?»

ክዳኑን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ሳንቲሙ የውሸት ነው ብለሃል፣ እሺ። ብረቱ ግን የአሜሪካ ነው።»