በነፃ የተጫነው ፊልም

ከአዳማ ወደ ሁሩታ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ላለችው ወጣት ብሶታቸውን ያወራሉ።

«አሮጌው የቤታችን ኮምፒውተር ቫይረስ ገባበትና አጽዳልኝ ብዬ ለአንድ ጠጋኝ ሰጠሁት።»

«ታዲያ አላጸዳውም?»

«አጸዳው እንጂ! ሙልጭ አድርጎ! የባሌን ድምፅ ሳይቀር!»

«የምን ድምፅ፣ እማማ?»

«ልጃችንን ስንድር ሲመርቃት የተቀረጸ። ከሞተ ወዲህ እሱን እየሰማሁ ነበር የምጽናናው።»

«ፎርማት አድርጎ ሁሉንም ከማጥፋቱ በፊት አልጠየቀዎትም?»

«ማን ይጠይቀኛል! ጭራሽ ‹ደስ እንዲልዎት ፊልም በነፃ ሞልቼልዎታለሁ› አይለኝ መሰለሽ!»

«ውይ! በላዩ ላይ ፊልም ባይጭንበት እኮ የጠፋውን መመለስ ይቻል ነበር።»

«ምን አልሽ? እንግዲያው ባሌን ሁለተኛ ጊዜ ቀበረልኛ! ያውም በነፃ!»

እኔም ጠግኜ፣ ፊልም ሞልቼ ሁሩታ ለደንበኛዬ የማደርሰውን ኮምፒውተር ቀስ ብዬ በጃኬቴ ሸፈንኩት።