ስማቸውን ያዋሱት የዕድር ዳኛ

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ፣ የዕድራችንን ዳኛ ኦቦ መገርሳን ገፈርሳ ታክሲ መያዣው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የመናገሻ ታክሲ እየሞላ ይሄዳል፤ እሳቸው ግን አይነሱም። አጠገባቸው የጎረቤታቸው ልጅ ሄመን ቆማለች። ሄመን አዲስ አበባ በኮምፒውተር ኔትወርክ ሥራ ላይ ያለች ባለሙያ ናት።

«አካም ኦልተን፣ ኦቦ መገርሳ? ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ነጋ፣ ደኅና ነኝ። ወደ ደገፋ ቤት ነበር። ግን በምን ዐይኔ ልየው?»

ነገሩን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። እሑድ ዕለት አንድ ሰው ደውሎ፣ «አባቴ፣ የዕድሩን የቴሌግራም ግሩፕ እያስተካከልን ስለሆነ ስልክዎ ላይ የገባውን ቁጥር ይንገሩኝ» አላቸው። ኦቦ መገርሳ በትሕትና የለመናቸውን ሰው አሳፍረው አያውቁም። ቁጥሩን አንብበው ሰጡት፤ መርቀውም ዘጉ። ሌባው በዚያ ቁጥር በእሳቸው ስም ግሩፑ ውስጥ ገባ። የቆዩ መልእክቶችን አንብቦ ኦቦ ደገፋ መታመማቸውን አወቀ። ከዚያም፣ «ወንድማችን ደገፋ ዐረፈ፤ ለቀብሩ የምትችሉትን ላኩ» ብሎ ጻፈ።

የመገርሳን ቃል ማን ይጠራጠራል? የኦቦ ደገፋ ልጅ ከሰበታ እያለቀሰች መጥታ አባቷን ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው።

«ስንት ዘመን መርዶ ሳረዳ ኖሬ፣ በሕይወት ያለ ወዳጄን ገደልኩት» አሉ ኦቦ መገርሳ፤ ዐይናቸው ዕንባ አቀረረ። «ይህን ስልክ ገፈርሳ ግድብ ውስጥ እጥለዋለሁ። ዕድሩም እንደ ጥንቱ በጥሩምባ ይጠራ!»

ላጽናናቸው አፌን ስከፍት ሄመን ቀደመችኝ፤ ደግ አደረገች። አስተማሪ ሲያጽናና ስብከት ያበዛል።

«አባባ፣ አንድ የማያውቁት ሰው መጥቶ ‹ጥሩምባውን ለዛሬ ያውሱኝ› ቢልዎ ይሰጡታል?»

«ምን ነካሽ! አገር ሊያተራምስበት?»

«የሰጡት ቁጥር እንደዚያው ነው። በእርስዎ ስም ሰው መጥሪያ ነው።»

ሽማግሌው ስልካቸውን አገላበጡት። «ድምፁ እኮ የጨዋ ልጅ ነበር።»

«ሌባ ሲመጣ አይሳደብም፣ አባባ። ለጨዋነቱ ይመርቁት፤ ቁጥሩን ግን ለማንም አይስጡ። እኔም ብጠይቅዎ እንኳ ይከልክሉኝ።»

«ለመሆኑ ይሄ ኢንተርኔት የማን ቤት ነው? በየት በኩል ገባብኝ?»

«የማንም ቤት አይደለም፤ መስመር ነው። የገፈርሳ ውሃ በቧንቧ ከተማ ይገባ የለ? ይህም የዓለምን ስልኮችና ኮምፒውተሮች የሚያገናኝ መስመር ነው። መልእክትዎ ከስልክዎ ወደ አንቴናው፣ ከዚያ ወደ ትልልቅ ኮምፒውተሮች፣ ከዚያም ወደ ሰዉ ስልክ ይሄዳል። ሌባው መስመሩን አልሰበረም። በሩን ከፍተውለት ነው የገባው።»

«እንግዲያው ስልኩን ልጣልና በሩ ይዘጋ!»

«ሌባውማ ስምዎን ይዞ ውስጥ ይቀራል። ደግሞስ በጥሩምባው ዘመን አዲስ አበባ ውሎ የሚገባው ተከራይ ስንት ቀብር አመለጠው? አሁን ያለበት ሆኖ ይሰማል። መሣሪያው አይጣል፤ በሩ ይዘጋ።»

እዚያው ድንጋዩ ላይ ስልካቸውን አስከፈተቻቸው። በእሳቸው ስም የገባ አንድ የማይታወቅ ስልክ ተገኘ፤ አስወጡት። ቀጥላም በስልክ ከሚመጣው ቁጥር በተጨማሪ የሚጠየቅ ሁለተኛ የይለፍ ቃል እንዲያበጁ ነገረቻቸው።

«የልጆችዎ ስም ወይም የልደት ዘመንዎ አይሁን፤ ሰው ይገምተዋል። እርስዎ ይጻፉት፤ እኔ አላይም» ብላ ፊቷን ወደ ባሕር ዛፉ አዞረች።

ኦቦ መገርሳ በአንድ ጣታቸው ቀስ ብለው ጻፉ። «ገለቶሚ፣ ኢንተላኮ» ብለው ልጃቸውን እንደሚያመሰግኑ አመሰገኗት። ወዲያው ተነሥተው፣ «በሉ ሸኙኝ» አሉን።

መናገሻ ስንደርስ ኦቦ ደገፋ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ኦቦ መገርሳ ጉልበታቸውን ሊስሙ ዝቅ ሲሉ ኦቦ ደገፋ አንገታቸውን አቅፈው ያዟቸው።

«ተው አንተ ሰው! ከሞትኩ ወዲህ እኮ ጠያቂዬ በዛ» አሏቸው። ሁለቱም ሳቁ፤ እየሳቁም አለቀሱ።

በቀጣዩ እሑድ፣ ሄመንም በተገኘችበት የዕድሩ ስብሰባ ላይ ዳኝነታቸውን ይለቃሉ ብለን ስንጠብቅ ኦቦ መገርሳ ቆሙ።

«ቁጥሩን ለሌባ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ። «እናንተ አትስጡ። በእኔ ስም ገንዘብ ላኩ የሚል ጽሑፍ ከመጣ ደውላችሁ ድምፄን ስሙ። የማታውቁትን ማስፈንጠሪያ፣ ሊንክ የሚሉትን፣ አትክፈቱ። ተታላችሁ ከሆነ ደግሞ አትደብቁ። እኔ አፍሬ ዝም ባልኩባቸው ቀናት ሌባው ቤቴ ተቀምጦ ነበር። ቶሎ የተናገረ በሩን ቶሎ ይዘጋል።»

ከኋላ በኩል ወይዘሮ ሸዋነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተነሡ።

«እኔም ሰጥቻለሁ» አሉ። «ከዚያ ወዲህ ቴሌግራሜ አላስገባ አለኝ። ባለቤቴ ሳይሞት በድምፅ የላከልኝ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ሞኝ እንዳልባል ለልጆቼም አልተናገርኩም።»

ኦቦ መገርሳ የዳኛ ወንበራቸውን ትተው ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ሁለት ሞኞች ሆንን» አሏቸው ቀስ ብለው። «ነይ ሄመን፣ የእሳቸውንም በር እንይ።»