ከዱባይ የመጣው ብልቃጥ

(ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ክሊኒክ ኮሪደር ላይ። አንሙት ምርመራ ክፍል ገብቶ ሐኪሙን ይጠብቃል፤ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ሚስቱ ስመኝና ከስምንት ወር በፊት አንድ ኩላሊቷን የሰጠችው ታላቅ እህቱ ደብሪቱ ተቀምጠዋል፤ የላቦራቶሪው ወረቀት ስመኝ እጅ ላይ ነው።)

ደብሪቱ፦ ወርዶ የነበረው ነጭ የደም ሴሉ ከፍ ብሏል ሲሉሽ እልል ማለት ሲገባሽ ፊትሽ ጨፈገገ! ወንድሜ ሲሻለው ቅር ይልሻል እንዴ?

ስመኝ፦ ቅር አላለኝም፣ እትዬ። ግራ ገባኝ እንጂ። ነጭ የደም ሴሉን የሚያወርድበት መድኃኒቱ ነው ብለውን ነበር። መጠኑ ደግሞ አልተቀነሰለትም። ታዲያ በምን ከፍ አለ?

ደብሪቱ፦ በምን ይሆናል! ልጄ ከዱባይ በላከችው ቪታሚን ነዋ። ጧት ሁለት፣ ማታ ሁለት አስውጠዋለሁ። እናንተ ቤት ሳለ መንምኖ አልነበር?

ስመኝ፦ ቪታሚኑን ሐኪሙ ያውቃል?

ደብሪቱ፦ ምን አገባው? እንደ ምግብ ነው እኮ። ደግሞ ትንፍሽ እንዳትዪ! ሐኪሞች እነሱ ያላዘዙት ነገር ሲያድን ደስ አይላቸውም።

ስመኝ፦ ያ ቦርሳ ውስጥ ምን አለ?

ደብሪቱ፦ የቱ ቦርሳ?

ስመኝ፦ ያቀፉት። በመጣ ቁጥር መድኃኒቶቹን ይዞ እንዲመጣ ታዟል። ፈተና ላርም ብዬ እርስዎ ጋ ትቼው ከሄድኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እስቲ ልያቸው።

ደብሪቱ፦ አካሌን ቆርጬ የሰጠሁ ሴት፣ እንደ ሌባ ልፈተሽ?

ስመኝ፦ ካልሰጡኝ ሐኪሙ ፊት ይከፈታል።

ደብሪቱ፦ እንቺ! አራግፊው!

ስመኝ፦ የቪታሚኑ ብልቃጥ ሊያልቅ ነው። የኩላሊቷ መድኃኒት ግን... እትዬ! ይሄን እሽግ ስሄድ የገዛሁት እኔ ነኝ። አልተከፈተም እኮ!

ደብሪቱ፦ አትጩኺ፣ ሰው ይሰማል።

ስመኝ፦ አልዋጠም?

ደብሪቱ፦ አስቆምኩት። እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ታላቅህ ነኝ ብዬ ተቆጣሁት። ደሙን ሲጨርሰው እያየሁ ዝም ልበል?

ስመኝ፦ መድኃኒቱ እኮ ደሙ ኩላሊቷን እንደ ባዳ ቆጥሮ እንዳይጣላት ነው የሚሰጠው!

ደብሪቱ፦ ባዳ? የኔ ኩላሊት ለአንሙት ባዳ ልትሆን? አንድ እናት ናት የወለደችን። ያ መድኃኒት የባዕድ ሰው ኩላሊት ለገባለት ነው። እኔንማ ደሙ ያውቀኛል።

ስመኝ፦ አያውቅዎትም፣ እትዬ። እህት ትሁን ሌላ፣ ከገዛ ራሱ ያልሆነውን ሁሉ ይጣላል። ነጭ የደም ሴሉ ከፍ ያለውም በቪታሚኑ አይደለም፤ የሚያወርደውን ስላስቆሙት ነው።

ደብሪቱ፦ አንቺ የሒሳብ አስተማሪ ነሽ እንጂ ሐኪም ነሽ? እኔን ጥፋተኛ ለማድረግ የፈጠርሽው ነው።

ስመኝ፦ ይሁን፣ ፈጠርኩት። ዛሬ ጧት ጫማው እምቢ ያለው ለምንድን ነው?

ደብሪቱ፦ ወፍሮ ነዋ። አየሽ፣ ቪታሚኑ ተስማማው ብዬ...

ስመኝ፦ እብጠት ነው። ሽንቱስ?

ደብሪቱ፦ ...ቀንሷል። ቶሎ ቶሎ መውጣቱን ሲተው እኔስ ዳነ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስመኝ፦ ይኸው ወረቀቱ። ከታች ያለው የኩላሊቷ ቁጥር ነው። ባለፈው አንድ ነጥብ ሁለት ነበር። አሁን ያንብቡት።

ደብሪቱ፦ ሦስት ነጥብ አራት። ስመኝ፣ ይሄም ከፍ ማለቱ... ጥሩ አይደለም?

ስመኝ፦ አይደለም። ይሄ ቁጥር የሚጨምረው ኩላሊቷ ስትደክም ነው። ቶሎ ከደረሱላት ትተርፍ ይሆናል። ግን አንሙት እርስዎን ላለማጋለጥ መድኃኒቱን እየዋጥኩ ነው ይላል፤ ሐኪሙም አምኖት ሌላ ምክንያት ሲፈልግ ቀኑ ይሄዳል።

ደብሪቱ፦ እንደዚያ በል ያልኩት እኔ ነኝ። ምሎልኛል። ...ብልቃጡን ወዲህ በዪ። ያልተከፈተውንም እሽግ።

ስመኝ፦ ሊደብቁት ነው?

ደብሪቱ፦ የምሰጠው አንድ ነበረኝ፣ ሰጥቻለሁ፤ ሌላ የለኝም። በሩን ክፈቺልኝ፤ ሐኪሙ ከእኔው አፍ ይስማው።