ቀዳዳውን ሳይፈልጉ መሙላት

ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ነው ያገኘኋቸው። የጎረቤቴ የጋሽ ፍሬን የግቢ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አሮጌዋ ታክሲ ኮፈኗ ተነስቶ ቆማለች። በወዲህ በኩል ጋሽ ፍሬን፣ በወዲያ በኩል የእህቱ ልጅ፣ በመካከላቸው ደግሞ ከወጥ ቤት ተነቅሎ የመጣ የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር። ሁለቱም ተኮራርፈዋል።

ጋሽ ፍሬን የሚለውን ስም ያወጡለት ታክሲ ተራ ላይ ያሉት ሾፌሮች ናቸው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከነዳጅ መስጫው ይልቅ ፍሬኑን ሲረግጥ ስለኖረ። የእህቱ ልጅ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብታ የማቀዝቀዣ ሙያ ተምራለች። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ መምከር እወዳለሁ፣ ሰሚ ግን ብዙም ገጥሞኝ አያውቅም።

«መምህር፣ እንኳን እግዜር አመጣዎት» አለኝ። «ይህችን ልጅ ይገላግሉኝ። አጎቷን ልታስተምር ተነስታለች።»

«እኔ እርስዎን ላስተምር አልተነሳሁም» አለች። «ይህን ሲሊንደር ከመኪናው ጋር ሲያገናኙ ግን ቆሜ አላይም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋሽ ፍሬን ባለቤት ኩላሊቷን ታማ በየሳምንቱ ለእጥበት ትመላለሳለች። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው፣ መንገዱ በመኪና የታጨቀ ነው፣ ሙቀቱም አናት ይበሳል። ታጥባ ስትመለስ በዚያች ኤሲዋ በማይሠራ መኪና ውስጥ ራሷን እስከ መሳት ደርሳለች። በማግስቱ ደግሞ የእጥበት ቀኗ ነበር። ሰውየው ከመለዋወጫ ሱቅ የኤሲ ጋዝ በቆርቆሮ እየገዛ እዚያው ግቢው ውስጥ ራሱ ሲሞላ ከርሟል። ጥቂት ቀን ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ተመልሶ የምድጃ ትንፋሽ ይሆናል። አሁን ቢቸግረው ባልደረቦቹ የሚያደርጉትን ሊያደርግ ነው፤ በማብሰያ ጋዝ መሙላት።

«ከቆርቆሮው ይበልጥ ያቀዘቅዛል» አለኝ። «ተራ ላይ ያልሞላ የለም። እስከ ዛሬ ማን ተቃጠለ?»

«የተቃጠለማ ተራ ላይ መጥቶ አያወራም፣ አጎቴ» አለች ልጅቱ። «ቧንቧው በዳሽቦርዱ ውስጥ ያልፋል። እዚያ ቢያፈስ ጋዙ የሚገባው አክስቴ የተቀመጠችበት ነው። አንዲት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ትበቃዋለች።»

«እሺ፣ ቆርቆሮውን እገዛለሁ። ጋዝ ያልቃል፣ ሲያልቅ ይሞላል። ቤንዚንስ እንዲሁ አይደል?»

«አይደለም። ቤንዚን ተቃጥሎ ነው የሚያልቀው። የኤሲ ጋዝ ግን ያንኑ መንገድ እየተመላለሰ የሚዞር ነው፣ በራሱ አያልቅም። ጎደለ ማለት የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። መሙላቱን አልተቃወምኩም፤ እዚሁ ግቢ ውስጥ አብረን እንሞላለን። ግን መጀመሪያ ቀዳዳው ይፈለግ።»

እኔም ዳኝነቴን ሰጠሁ። «ልጅቱ እውነቷን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። የሚያፈስ እንስራ ይዞ ምንጭ መመላለስ ምን ይረባሃል?»

ጋሽ ፍሬን እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ብትፈልገውና ዳሽቦርዱ ውስጥ ቢሆንስ? መኪናዋን ብትንትኗን ልታወጣ ነው። ነገ በምን ልወስዳት ነው? እየሞላሁ ብኖር ይሻለኛል። አንዳንድ ነገር ባይታወቅ ጥሩ ነው መምህር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።»

ሰው አዲስ ነገር አልቀበልም ሲል ስንፍና ነው እንላለን፤ ድንቁርና ነው እንላለን። ብዙውን ጊዜ ግን ፍርሃት ነው። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት ከመኝታ ቤቱ መስኮት ድምፅ መጣ። ባለቤቱ ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ፍሬሙን ተደግፋለች።

«ፈልጊው ልጄ» አለች። «ዳሽቦርዱም ውስጥ ከሆነ እንወቀው።»

«አንቺ ደግሞ ተኚ እንጂ» አላት።

«ስተኛ ነው የከረምኩት። እኔንስ የምታደርገኝ እንዲሁ አይደል? ትወስደኛለህ፣ አሳጥበህ ትመልሰኛለህ። ዶክተሩ ‹ከባለቤትሽ ጋር እንነጋገር› ካለኝ ዓመት አለፈ። አንተ ግን ‹መኪናው መጥፎ ቦታ ቆሟል› ብለህ ከበር ትመለሳለህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እኔ አልደበቅኩም። የእኔን የደበቅከው አንተ ነህ።»

ሰውየው ሲሊንደሩን አንስቶ ወጥ ቤት መልሶ አስቀመጠው።

ልጅቱ ሳሙና በውሃ በጥብጣ አረፋውን በየመጋጠሚያው ቀባች። እኛም አንገታችንን አስግገን ተመለከትን። አረፋው ፊኛ እየሠራ ብቅ ያለው ዳሽቦርዱ ውስጥ አልነበረም። ጋዝ የሚሞላባት የቧንቧው አፍ ራሷ ላይ ነበር። ጋሽ ፍሬን በማይገጥም የጎማ ቱቦ፣ በክር እየጠመጠመ፣ በችኮላ ሲያስገባና ሲነቅል የአፏን መዝጊያ፣ ባልቦላዋን፣ ጎድቷታል። እየሞላ ያፈሰሰው እሱ ራሱ ነበር።

«ምንም አይደል አጎቴ» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። «ትንሽ ዕቃ ናት፣ ትቀየራለች።»

እሱ ግን የመኪናዋ መቀመጫ ላይ ዘጭ ብሎ እጁን ያይ ነበር።

ቀትር ላይ ልጅቱ መኪናዋን ጋራዥ ወሰደች። የቀረውን ጋዝ ወደ አየር ከመልቀቅ ይልቅ በማሽን አስወጡት፣ ባልቦላዋን ቀየሩ፣ ውስጡ የገባውንም አየርና እርጥበት መጠው አወጡ። ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ሞሉ። ሞተሩ ተነሳ፣ ኤሲው እስከ መጨረሻው ተከፈተ። ልጅቱ ለአጎቷ መነጽርና ጓንት አልብሳ እያንዳንዱን ነገር በእጁ አሠራችው።

«ወፍራሙ ቧንቧ ላይ ነው የሚገጠመው። ቀጭኑን እንዳይነኩ፣ ግፊቱ ቆርቆሮውን ያፈነዳዋል። ቆርቆሮውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ አይገልብጡት። በጥቂት በጥቂቱ ይልቀቁ። ዓይንዎ ከግፊት መለኪያው፣ ከጌጁ፣ አይነሳ።»

«ጨመር ባደርግለትስ? የበለጠ አይቀዘቅዝም?»

«ያንሳል እንጂ አይበልጥም፤ ጋዙን የሚገፋውን ኮምፕሬሰርም ይሰብረዋል። ልኩ ኮፈኑ ሥር ተጽፏል። ከዚያ አያልፉም።»

ጋሽ ፍሬን እጁን አየር መውጫው ላይ ዘረጋ። «ይህን ሁሉ ጊዜ» አለ፣ አልጨረሰውም።

በማግስቱ አብሬያቸው ሄድኩ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ጋሽ ፍሬን ግራ ቀኝ አይቶ «እዚህ መቆም ክልክል ነው» አለ።

«እኔ እጠብቃታለሁ» አልኩት። «ፖሊስ ቢመጣም የምመልስለት አላጣም። አንተ ግባ።»

አየኝ። መሪውን ለቀቀና ከሚስቱ ጋር ገባ።

ሲመለሱ ባለቤቱን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት። ሞተሩን አስነሳ፣ ኤሲው ነፈሰ፣ መኪናዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ዶክተሩ ምን አለህ? ሳትቀንስ ንገረኝ» አለችው።

«ልብሽ ደክሟል አለኝ። አምና ልብሽ ደህና ሳለ ሊያነጋግረኝ የፈለገው ከቤተሰብ ኩላሊት የሚሰጥ ይኖር እንደሆነ ሊጠይቅ ነበር። አሁን ቀዶ ጥገናውን አትችለውም አለ። እጥበቱም ብዙ አያስኬድም አለ።»

መንገዱ ላይ ጥሩንባ ይነፋብናል። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«እህቴ ትሰጠኝ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ሳልለምናት ትሰጠኝ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ፣ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ።

 ማወቅ ይጠቅማል ብዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ዛሬም ይጠቅማል እላለሁ፤ ያን ዕለት ግን አፌን አላስከፈተኝም።

ጥቂት እንደ ሄድን «አጥፋው፣ በረደኝ» አለችው። አጠፋውና መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ሙቀቱ ገባ። ጋቢዋን አገጯ ድረስ ስባ ዓይኗን ጨፈነች።

ዝናቡ ሳይገባ ዐረፈች።

ጋሽ ፍሬን ወደ ተራው ተመልሷል። መኪናዋ አሁንም ታቀዘቅዛለች፤ ከዚያ ወዲህ ጋዝ ጨምሮባት አያውቅም። የማብሰያ ጋዝ የያዘ ሾፌር ሲያይ ወርዶ ያስቆመዋል። ቀዳዳውን የፈለገ በየሳምንቱ ከመሙላት እንደሚያርፍ፣ ኮምፕሬሰሩ እንደሚተርፍለት፣ ከኋላ ያስቀመጠውም ሰው በሰላም እንደሚገባ ያስረዳል። መነጽርና ጓንቱንም ያውሳል። ድሮ ይስቁበት የነበሩት አሁን ከበው ይሰሙታል።

አንድ ቀን ቆሜ ስሰማ አንዱ ጎረምሳ ሾፌር «ታዲያ ጋሼ፣ መቼ ነው የሚፈለገው?» ብሎ ጠየቀው።

«መጀመሪያ የጎደለ ቀን» አለው።