ስፖኪዮዋ ኢንሹራንስ አላት

ጸጉር አስተካካይዋ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ስታደርግላት፣ ሴትየዋ በመስታወቱ ውስጥ ባሏን አየችው። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ፣ ውጭ የቆመችውን መኪናውን በመስኮት ይጠብቃል። መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞቹ በሽታው ሲገኝ ጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ተጨማሪ የካንሰር ኢንሹራንስ አምጥቷል፤ ሚስትም ትካተታለች። ምዝገባው ዛሬ ያበቃል፤ እሱ ግን ሳምንቱን ሙሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። እሷም ፊት ለፊት መናገሩ ሰልችቷታል። ጉሮሮዋን ጠረግ አደረገች።

«ጫፍ ጫፉን ብቻ ቁረጪልኝ እሺ፣ የኔ ቆንጆ? ውይ፣ መቀስሽ እንዴት ያምራል! አዲስ ነው? ጎሽ... ሰው ለዕቃው ሲጠነቀቅ ደስ ይለኛል። ለዕቃ መጠንቀቅ ካልሽማ የአንዲት ወዳጄን ባል ባሳየሁሽ! እንዴት ያለ አርቆ አሳቢ መሰለሽ። ለመኪናው ሙሉ ኢንሹራንስ ገዝቶላታል። ለግጭት፣ ለስርቆት፣ ለእሳት... ይሄም አልበቃው ብሎ ለስፖኪዮዋ ለብቻዋ ተጨማሪ አስገባላት። ስፖኪዮዋ ታድላ!»

አግዳሚው ሲጥ አለ።

«ሚስቱን ደግሞ እንዴት እንደሚተማመንባት! ‹አንቺ ብረት ነሽ፣ ምንም አትሆኚም› ይላታል። ብረቷን መኪናማ ኢንሹራንስ አስገብቷታል... እንግዲህ ወዳጄ ከብረትም ሳትበልጥ አትቀርም። እናቷን የወሰደባት የጡት ካንሰር ነው፤ አክስቷንም እንደዚያው። እሱ ግን ንቅንቅ አይልም። እንዲህ ያለ ልበ ሙሉ ሰው ከየት ይገኛል? ‹መደበኛው የጤና ኢንሹራንስ ሐኪምና አልጋ ይከፍላል፣ ይበቃል› ይላል። እውነቱን እኮ ነው! ታማ ስትተኛ የቤት ኪራዩን ማን ይሸፍናል፣ ከሥራ ስትቀር ልጆቹ ምን ይበላሉ እያሉ መጨነቅ የእኛ የሴቶች አመል ነው... በሽታው ከተገኘ በኋላ አይመዘግቡም ብትለው፣ ምን ቢላት ጥሩ ነው? ‹ስሙን ከጠሩት ይመጣል!› ለእሳት ሲፈርም ግን እሳቱ አልሰማውም መሰለኝ፤ መኪናዋ ይኸው ደህና ቆማለች።»

ጸጉር አስተካካይዋ ሳቋን ልትውጥ ጎንበስ ብላ ማበጠሪያ ፈለገች። ማበጠሪያው እጇ ላይ ነበር።

«ሳቂ እንጂ፣ ምን ያሳፍርሻል? እዚህ የሚያውቀው ሰው የለ... ደግሞ ሚስቱን አይወድም ያለ ማነው? ባለፈው ጉንፋን ይዟት ብታስል፣ እንዴት ብሎ እንደደነገጠ ብታዪ! ከእንቅልፉ ዘሎ ተነሣ... የመኪናዋ ሞተር መስሎት።»

ባሏ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ሴትየዋ በመስታወቱ ውስጥ የመሥሪያ ቤቱን ሰማያዊ አርማ ለየችው። የምዝገባውን መልእክት ከፍቷል፤ አውራ ጣቱ ግን አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀርቷል። ድምፅዋን ይበልጥ አለዘበችው።

«እኔ በበኩሌ ክፉ አልመኝለትም። መርቂው ብትዪኝ እመርቀዋለሁ። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጠው። ቤቱን ሙሉ ያድርግለት። ወዳጄን ከቀበረ በኋላ የሚያገባትን ደግሞ... እናቷ በሕይወት ያለች፣ አክስቷም ደህና የሆነች፣ ስለ በሽታ እያወራች የማታስጨንቀው ሴት ያድርግለት። አሜን በይ እንጂ!»