ዘጠኝ ሻንጣና አንድ አቤቱታ

በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ሬሕማ ለአሠሪዋ የፍሪጅ ላስቲክ ልትገዛ ወደ ካርቱም ገበያ፣ ወደ ሱቅ ዐረቢ ሄዳ ሳለ እትዬ ሉጥፊያን ባላሰበችው ቦታ አገኘቻቸው። ሴትዮዋ አሮጌ የቤት ዕቃ ከሚሸጥበት መደዳ፣ በገመድ የተጠለፉ የእንጨት አልጋዎች ከተደረደሩበት ጥላ ሥር ቆመው ከአንድ ነጋዴ ጋር ዋጋ ይከራከራሉ። ሬሕማ አልጋ ሊገዙ መስሏት ደስ አላት፤ ባለፈው ሳምንት እሳቸው ቤት ስታድር፣ እሷና ጓደኛዋ መዲና በአንድ ዐንገረብ፣ በአንድ ጠባብ የገመድ አልጋ ላይ ራስና ግርጌ ሆነው ነበር የተኙት። ቀረብ ስትል ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ።

«ስድስት ናቸው፤ የሁለቱ ገመድ ገና አዲስ ነው። መኪናውን አንተ ታመጣለህ» ይላሉ እትዬ ሉጥፊያ በዐረብኛ።

«እትዬ! አሰላሙ ዐለይኩም። አልጋዎቹን ሊሸጧቸው ነው?»

እትዬ ሉጥፊያ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ደነገጡ። «ወዐለይኩም ሰላም፣ የኔ ሸጋ! አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽብኝ?»

እትዬ ሉጥፊያ ከወረባቦ ወጥተው ካርቱም ከገቡ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠሩ፤ ከዚያ ኢሳ የሚባል የጀሪፍ ሰፈር ጡብ ተኳሽ አገቡ። ኢሳ ዓባይ ዳር በገዛ እጁ በተኮሰው ጡብ አራት ክፍል ቤት ሠርቶ፣ የይዞታ ወረቀቱን በሚስቱ ስም አዛወረ። ልጅ አልወለዱም። እሱ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ያ ቤት፣ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር በየሰው ቤት ተቀጥረው ለሚያድሩ የወሎ ልጆች መጠጊያ ሆነ። አሠሪ ቤት የራስ የሚባል ጥግ የለም፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ሻንጣዋን ቆልፋ እትዬ ሉጥፊያ ዘንድ ታስቀምጣለች። ሐሙስ ማታ መጥታ ትከፍተዋለች፤ ለእናቷ የገዛችውን ነጠላ ጫማ ወይም ሽቶ ትጨምርበታለች፤ ዐርብ አመሻሽ ላይ ቆልፋው ትሄዳለች። ዘጠኝ ልጆች፣ ዘጠኝ ሻንጣ።

ሬሕማ ልትሸኛቸው አብራቸው ሄደች፤ ወደ ጀሪፍ የምትሄደው ሀፍላ፣ ትንሿ አውቶቡስ፣ ሰው እስክትሞላ ሁለቱ የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እትዬ ሉጥፊያ ለልጅቱ መዋሸት አልሆነላቸውም፤ ከተጠቀለሉበት ቶብ እጥፋት ውስጥ አንድ ወረቀት አወጡ።

«ዐዋይድ ነው፤ የቤት ግብር። ከአምናው አምስት እጥፍ አድርገው ላኩብኝ። ጎረቤት ነው ያነበበልኝ።»

ሬሕማ ሐይቅ ከተማ ሳለች በመድረሳ ዐረብኛ ማንበብ ተምራለች፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳም ሁለት ዓመት በወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርታለች። ከዚያ ያተረፈችው አንድ ልማድ ነው፤ ወረቀት ሲሰጧት በመጀመሪያ የምታየው ቀኑን ነው። ቀኑን አየች፣ ፊቱን አነበበች፣ ገልብጣ ጀርባውንም አነበበች።

«እትዬ፣ ገንዘቡን ለጊዜው እንተወውና፣ እዚህ ጋ ያለውን ሰምተውታል? ‹የቤቱ አገልግሎት፦ የአልጋ ኪራይ ንግድ። አልጋ ስድስት፣ የተከራይ ሻንጣ ዘጠኝ› ይላል።»

«ሰምቻለሁ። ለዚህ እኮ ነው አልጋውን የምሸጠው። ሻንጣችሁንም በዚህ ዐርብ ትወስዳላችሁ። ከዚያ ሰውየውን ጠርቼ ባዶ ቤት አሳየዋለሁ። ባዶ ቤት አይቶ ምን ሊጽፍ ነው?»

«እኛስ የት እንሄዳለን?»

እትዬ ሉጥፊያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ውጭ ረዳቱ «አንድ ሰው ቀረ! ያላ፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል፤ ሰባት ወንበር ባዶ ነው።

«ግምቱን የጻፈው ሰው ሲመጣ ምን ብሎ ጠየቀዎ?» አለች ሬሕማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ሁዘይፋ ይባላል፤ ጨዋ ልጅ ነው። ‹ኻልቲ፣ ይኼ ሁሉ አልጋ የማን ነው?› አለኝ። ከርከዴ ቀዳሁለት። ‹ልጆቹ ስንት ይከፍሉሻል?› አለኝ። ደግሜ ቀዳሁለት። ጠጣ፣ ቆጠረ፣ ጻፈ፣ ሄደ።»

«ምንም አልመለሱለትም?»

«ምን ልበለው? ‹ሰው በነጻ የማሳድር ደግ ሴት ነኝ› ልበለው? ለአላህ ብለው ያደረጉትን በአደባባይ ካወሩት ምን ይቀራል? ኢሳ፣ አላህ ይዘንለትና፣ እንግዳ ያደረ ዕለት ለጎረቤት እንኳ ትንፍሽ አይልም ነበር።»

«እርስዎ ዝም ሲሉ ሁዘይፋ የመሰለውን ጻፈ።»

«ይጻፍ። እውነቱን አላህ ያውቀዋል።»

«አላህማ ያውቃል። የማያውቀው ማሕሊያው፣ የሰፈሩ አስተዳደር ነው። ግብሩን የሚያስከፍለው ደግሞ እሱ ነው።»

እትዬ ሉጥፊያ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል በቶባቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ወዲያው ግን ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ። እኔ በሰው አገር ነው ያረጀሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። ጽሕፈት ቤት ገብቶ ከሹም ጋር የሚከራከር የጠገበ ሰው ነው። ደግሞስ ሁዘይፋ በእኔ ምክንያት እንጀራውን ቢያጣ? እናት አለችው እኮ።»

«እትዬ፣ አቤቱታ ጠብ አይደለም። ይህን ወረቀት ያነበበልዎ ሰው ጀርባውንም አንብቦልዎታል?»

«ጀርባም አለው እንዴ?»

«አለው። ‹በግምቱ ያልተስማማ የቤት ባለቤት በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያመልክት› ይላል። ጠይቁኝ ያለው ራሱ መንግሥት ነው። ዐሥራ አንዱ ቀን አልፏል፤ እሑድ የመጨረሻው ነው።» ሬሕማ ትንሽ አመነታች፤ ታላቅ ሰው ላይ ቃል ማክረር አልለመደችም። «ደግሞ እርስዎ ዝም ቢሉም ይህ ወረቀት ዝም አይልም። ማሕሊያው መዝገብ ውስጥ ሉጥፊያ ማለት የስደተኛ ልጆችን በአልጋ ልክ እያስከፈለች የምትኖር ሴት ናት። ግብሩን ከከፈሉ ደግሞ ‹አዎ፣ ነኝ› ብለው አረጋገጡ። አልጋውን ሸጠው ቢያባርሩንም የተጻፈው እንደተጻፈ ይኖራል። ኢሳ የሠራው ቤት ሎካንዳ፣ የኪራይ አልጋ ቤት ተብሎ መቅረቱ ነው?»

 ረዳቱ ለመልስ ጊዜ አልሰጣቸውም። «አንቺ ልጅ፣ ትሄጃለሽ ወይስ ትወርጃለሽ? ወንበር ይዘሽብኛል!»

ሬሕማ እየወረደች «እስከ ነገ ማታ አይሽጧቸው!» አለች።

«ኢንሻአላህ» አሉ እትዬ ሉጥፊያ። ሬሕማ የፍሪጁን ላስቲክ በክንዷ ጠምጥማ ወደ ካርቱም ሁለት ስትመለስ፣ ያ መልስ እሺ ይሁን እምቢ ስታወጣ ስታወርድ ሄደች።

ብዙ ደግ ሰው ዝምታን ከትሕትና ይቆጥረዋል። በጎረቤት መካከል ይህ መልካም ነው፤ ጎረቤት አይቶ ያውቃልና። መዝገብ ግን ዓይን የለውም። የተነገረውን ይይዛል፤ ካልተነገረው ደግሞ ባዶውን ቦታ በግምት ይሞላል። ግምቱ ክፉ ሐሳብ ባይኖረውም እንኳ ሰው ቤት ሊያፈርስ ይችላል።

ሐሙስ ማታ ሬሕማ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ስድስቱን አልጋ ነው። በየቦታቸው አሉ።

«ምን ትገተሪያለሽ? ግቢ እንጂ» አሉ እትዬ ሉጥፊያ። «ልስማው ብዬ ነው እንጂ አልተስማማሁም።»

ዘጠኙም ልጆች ምንጣፉ ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ሬሕማ በዐረብኛ የጻፈችውን አቤቱታ በአማርኛ እየመለሰች አነበበች። የቤቱ ቁጥር፤ የባለቤቷ ስም፤ በቤቱ ውስጥ ዘወትር የምትኖረው አንዲት ሴት ብቻ መሆኗ፤ ሻንጣዎቹ በአደራ የተቀመጡ መሆናቸው። እስከዚህ ድረስ እትዬ ሉጥፊያ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። «‹ከማንኛቸውም ኪራይ ተቀብዬ አላውቅም›» ስትል ግን እጃቸውን አነሡ።

«እሱን ሰርዢው።»

«እትዬ፣ ጉዳዩ እኮ እሱው ነው! ያለ እሱ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።»

«እኔ በአፌ አልለውም፣ በወረቀትም አልለውም። ሻንጣ በአደራ አስቀመጥኩ ማለት ይሁን፣ እውነት ነው። ይኼኛው ግን ጉራ ነው።»

«ጉራ ሳይሆን ምስክርነት ነው። ዳኛ ፊት ‹ያየኸውን ተናገር› የተባለ ሰው ተመጻደቀ ይባላል?»

«ስለ ሌላ ሰው ሲሆን ምስክርነት ነው። ስለ ራስ ሲሆን ሌላ ነው።»

ሬሕማ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ለሁለት ዓመት በመዝገብ ቤት ካነበበችው ፋይል ሁሉ ለዚህ የሚሆን አልመጣላትም። በዚህ ጊዜ ከሁሉ ታናሿ፣ ከዚያ ቀን በፊት በሰው መሀል ስትናገር ያልተሰማችው መዲና፣ ጉልበቷን አቅፋ እንደተቀመጠች «እኛ ብንለውስ?» አለች።

ሁሉም ዞሩባት። መዲና ቀላች። «ማለቴ… ያደርነው እኛ ነን። አለመክፈላችንን የምናውቅ እኛ ነን። ‹ከፍለን አናውቅም› ብለን ብንፈርም፣ እሳቸው ምንም አላሉ።»

«ይች ልጅ ጭንቅላት ነበራት እንዴ?» አለች አንዷ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

እትዬ ሉጥፊያ ቶባቸውን ሰብስበው ተነሡ። «እንግዲህ እኔ እዚህ የለሁም። ምን እንደምትጽፉ አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብለው ወደ ግቢ ወጡና ውኃ ከበርሜል ወደ ባልዲ በኃይል መቅዳት ጀመሩ። ልጆቹ ዐረፍተ ነገሩን ሲያሰናዱ ግን ከግቢ ድምፅ መጣ፦ «‹ከፍለን አናውቅም› ብቻ በሉ! ‹ደግ ናት› የሚል ከገባበት እቀደዋለሁ!»

ዘጠኙም ስማቸውንና የሚሠሩበትን ቤት ጽፈው ፈረሙ። መጻፍ የማይችሉት ሁለቱ በጣታቸው አተሙ።

እሑድ ሬሕማ ከአሠሪዋ የሁለት ሰዓት ፈቃድ ለምና እትዬ ሉጥፊያን ይዛ ሄደች። በዐዋይድ ቢሮው ውስጥ መነጽር ያደረጉ አንዲት ኃላፊ ተቀምጠዋል፤ ግምቱን የጻፈው ሁዘይፋም ከጎናቸው ነበር። እትዬ ሉጥፊያ ስለ ጉዳያቸው ከመናገራቸው በፊት ወደ እሱ ዞሩ።

«እናትህ ደኅና ናት? ልጄ፣ በእኔ የተነሣ እንዳትቀጣ።»

ሁዘይፋ ሳቀ። «ኻልቲ፣ ሁለቴ ጠየቅኩሽ፣ ሁለቴ ብርጭቆዬን ሞላሽው። እኔ ምን ላድርግ? ከርከዴውን ልመዝግብ?»

ኃላፊዋ አቤቱታውንና የልጆቹን ፊርማ በጥሞና አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው «ልጆቹ የጻፉትን አይቻለሁ። የቤቱ ባለቤት ግን አንቺ ነሽ፤ ካንቺ አንደበት ልስማ። በአንድ አልጋ ስንት ታስከፍያለሽ?» አሉ።

ሬሕማ ልትመልስ ስትል ኃላፊዋ በእጃቸው አስቆሟት። እትዬ ሉጥፊያ ዝም አሉ። ሬሕማ ያን ዝምታ አወቀችው፤ ሁዘይፋ ቤታቸው በመጣ ጊዜ የነበረው ዝምታ ነው፤ እዚህ ደግሞ የሚቀዳ ከርከዴ እንኳ የለም። ስድስቱ አልጋ በመኪና ተጭኖ ሲሄድ፣ ዘጠኙ ሻንጣ መንገድ ላይ ሲደረደር ታያት።

እትዬ ሉጥፊያ በመጨረሻ «ሁዘይፋ» አሉ። «የአክስትህ ልጅ ከኮስቲ መጥታ እናትህ ቤት ስታድር፣ እናትህ ስንት ታስከፍላታለች?»

ሁዘይፋ አንገቱን ደፋ። «ወላሂ ኻልቲ፣ ይህን ጥያቄ እናቴ ብትሰማ በጫማ ነው የምታባርረኝ።»

ኃላፊዋ ፈገግ አሉ፤ ብዕራቸው ግን አልተንቀሳቀሰም። «ጥያቄን በጥያቄ መለስሽልኝ። እኔ የምጽፈው መልስ ነው።»

እትዬ ሉጥፊያ ሬሕማን አዩዋት፣ ወረቀቱን አዩት። ከዚያ ለሌላ ሰው የሚመሰክሩ ያህል ቀጥ ብለው ቆሙ። «ኪራይ አልቀበልም። ተቀብዬም አላውቅም። የተጻፈው ስሕተት ነው፤ ስሕተቱ ግን የልጁ ብቻ አይደለም፣ የእኔም ዝምታ አለበት።»

ኃላፊዋ ጻፉ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ልጆቹ በሚገኙበት ዐርብ ዕለት፣ ሁዘይፋ ከሌላ ሠራተኛ ጋር ቤቱን ዳግም አየ፤ ልጆቹን በስም ጠራ፤ የጠየቀውም ሁሉ ተመለሰለት። ከርከዴውንም ጠጣ። በሐምሌ መጨረሻ አዲሱ ወረቀት መጣ፦ «የቤቱ አገልግሎት፦ መኖሪያ።» ግብሩ ወደ አምናው ተመለሰ። አልጋዎቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮም ግምቱ የሚነሣው ከእውነተኛው መዝገብ ሆነ። ሁዘይፋም አልተቀጣም፤ እንዲያውም በየቤቱ ሲገባ መልስ ሳያገኝ አልጽፍም ማለት ጀመረ። ጥቅሙ በአንድ ቤት አልቆመም። ጎረቤታቸው እጅጋየሁ ከሦስት ዓመት በፊት በዝናብ ለፈረሰ ክፍል ስትገብር መኖሯ የታወቀው፣ እትዬ ሉጥፊያ በር ላይ አስቁመው «ጀርባውን አንብበሽዋል?» ስላሏት ነው። ሰው ባለቤት የሚሆነው ጡቡን በመደርደር ብቻ አይደለም፤ ስለ ቤቱ የተጻፈውን በማወቅ፣ ሲሳሳትም በጨዋ ቃል «ይህ አይደለም» በማለት ጭምር ነው።

አንድ ዐርብ አመሻሽ ላይ ልጆቹ ሻንጣቸውን ቆልፈው ሲወጡ መዲና ወደ ኋላ ቀረች። ሬሕማ በር ላይ ጠበቀቻት።

«እትዬ» አለች መዲና መሬት መሬት እያየች፣ «እመቤቴ ፓስፖርቴን ከወሰደችው ስምንት ወር አለፈ። አንዴ ጠየቅኳት፣ ዝም አለችኝ። እኔም ዝም አልኩ።»

እትዬ ሉጥፊያ ድሮ ቢሆን «ሰብር አድርጊ፣ አብሽሪ» ብለው ይሸኟት ነበር። አሁን ግን በሩን መልሰው ዘጉና ልጅቱን አልጋው ላይ አስቀመጧት።

«ሬሕማ፣ ወረቀት አምጪ። መዲና፣ አንቺ ተናገሪ፣ እሷ ትጽፋለች። መጀመሪያ ቀኑን።»

መዲና ከንፈሯን አራሰች። «ኅዳር ውስጥ ነው… የገባ ሰሞን…» አለች በሹክሹክታ።

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊው» አሉ እትዬ ሉጥፊያ።