ወይዘሮ ፀዳለ እና ጣውንታቸው ጠመንጃ

ከሳን ሆሴም ከሄይዋርድም ሥራችሁን ጥላችሁ፣ ዛሬ እዚህ ኦክላንድ በእህታችን አስከሬን ዙሪያ የቆማችሁ ወገኖቻችን፣ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። ይህን የሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው አክሊሉ ነው። እንዲህ ባለ ቀን የሚነበብ ጽሑፍ ሟችን ደግ፣ ርኅሩኅና ከሰው ተግባቢ ነበሩ ብሎ እንደሚያልፍ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወይዘሮ ፀዳለም ደግና ርኅሩኅ ነበሩ። ነገር ግን አልጋ ላይ ሳሉ ወንድማቸውን ጠርተው፣ «ቀናተኛ እንደነበርኩ ካልጻፍክ ሰው ሁሉ የሌላ ሴት ቀብር የመጣ ይመስለዋል» ስላሉት፣ ቃላቸውን አክብሮ ነገሩን እንደነበረ አስፍሮታል።

ወይዘሮ ፀዳለ ከአባታቸው ከወርቅ ሠሪው ከአቶ ዓባይነህ ጋሻውና ከእናታቸው ከወይዘሮ እጅጋየሁ ወልደ ሰማያት በ1941 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ሠራተኛ ሰፈር ተወለዱ። ቅናታቸው ከልጅነታቸው የጀመረ ለመሆኑ ወንድማቸው ራሱ ምስክር ነው፤ እርሱ በተወለደ ጊዜ እናታችን ሕፃኑን አብዝተው አቀፉት ብለው ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀምስም ማለታቸውን፣ በኋላም በአባታችን የወርቅ ሚዛን ላይ ሊያስቀምጡትና ከእርሳቸው የሚበልጥበትን ሊያዩ ሲሞክሩ መያዛቸውን ቤተሰቡ እየሳቀ ሲያወራው ኖሯል። በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ አሥረኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በአባታቸው ሱቅ ሚዛን ያዙ። አባታችን ወንድ ልጃቸውን ሳይቀር በሚዛን ነገር አያምኑም ነበርና፣ «ሚዛን ይሉኝታ አያውቅም፣ ፀዳለም አታውቅም» እያሉ ሥራውን ለእርሳቸው ትተውላቸው ነበር።

በ1967 ዓ.ም. በሠራዊቱ የዒላማ ተኳሾች ቡድን ውስጥ ያገለግሉ ከነበሩት ከሃምሳ አለቃ መንገሻ ጥሩነህ ጋር በሕግ ተጋብተው፣ በዓመቱ ልጃቸውን መሠረትን ወለዱ። ዘመኑ ሲከፋ በሱዳን በኩል ተሰደው፣ ካርቱም ላይ ሦስት ዓመት ተቀምጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ወደዚህ አገር መጡና እዚሁ ኦክላንድ ቴሜስካል ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራዩ። አቶ መንገሻ በመኪና ማቆሚያ፣ ወይዘሮ ፀዳለ ደግሞ ኤመሪቪል ባለ ቅመም ማሸጊያ ተቀጠሩ፤ በሁለተኛው ሳምንት አለቃቸው ማሽኑን ትቶ የእርሳቸውን እጅ ማመን ጀመረ ይባላል።

ሁለት ዓመት በሰላም አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1984 ግን አቶ መንገሻን አንድ የሥራ ጓደኛቸው ከሳን ሆሴ ወዲያ፣ ኮረብታ ሥር ወዳለ የተኩስ ሜዳ ወሰዳቸው፤ እርሳቸውም አንድ የሩቅ ዒላማ ጠመንጃ ገዝተው አዲስ አፈሙዝ አስገጠሙላት። ወይዘሮ ፀዳለ ይህን አልተነገራቸውም ነበር። የሚያዩት ባላቸው ቅዳሜ ቅዳሜ በጠዋት ወጥተው ከሰዓት በኋላ እጃቸው የማያውቁት መድኃኒት ነገር እየሸተተ ሲመለሱ ብቻ ስለነበር፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋን የዘወትር ቃላቸውን ይዘው፣ ሳን ሆሴ ውስጥ ሴት አለች ብለው ደመደሙ። አንድ ቅዳሜ ሳይጠሩ መኪናው ውስጥ ገብተው ቁጭ አሉ። ሜዳው ላይ ሲደርሱም ባላቸው በደረታቸው ተኝተው፣ ጉንጫቸውን በሰደፏ ላይ አስደግፈው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ሲተኩሱ አዩ። ሴት አለመኖሯን በማየታቸው ደስ ሊላቸው ሲገባ ይባስ አንገበገባቸው፤ ለወንድማቸው እንደነገሩት፣ በዘጠኝ ዓመት ትዳር አቶ መንገሻ ለእርሳቸው አንድም ቀን ትንፋሻቸውን ይዘው አያውቁም ነበር።

አዲስ አፈሙዝ እስኪገራ ድረስ አያያዙ እንደ አራስ ነው። አንድ ጥይት ይተኮሳል፤ ከዚያ በመድኃኒት የተነከረ ነጭ ጨርቅ በዘንግ እየተገፋ፣ ጨርቁ እንደገባ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ውስጧ ይጸዳል፤ ከዚያ ደግሞ አንድ ጥይት፣ ደግሞም ማጽዳት። አቶ መንገሻ ይህን ሲያደርጉ ጨርቅ አልቆባቸው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ያገኙትን ያረጀ ነጠላ ጥለቱን ትተው መሐሉን ቆራረጡት። ነጠላው ወይዘሮ ፀዳለ የሠርጋቸው ማግስት የለበሱት ነበር። አቶ መንገሻ አላወቁም፤ ባለማወቃቸው ግን ነገሩ የባሰ እንጂ የቀለለ አልሆነም። ወይዘሮ ፀዳለ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠመንጃይቱን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም፣ «ጣውንቴ» ነበር የሚሏት። ልጃቸው መሠረት «ማሚ፣ ገን እኮ ነው፣ ጀስት ገን» ብትላቸው፣ «ገን ብትሆን ነው እንጂ ሰውማ ብትሆን ፀጉሯን ይዤ አስወጣት ነበር» ብለው መለሱላት።

ጠመንጃይቱ ከተገራች በኋላ ደግሞ የምትወደውን የባሩድ ልክ መፈለግ መጣ። የማታውቁት ካላችሁ፣ እያንዳንዱ አፈሙዝ የራሱ ምርጫ አለው ይባላል፤ ባሩዱ ትንሽ ሲበዛ ወይም ትንሽ ሲያንስ የጥይቱ ራስ የሆነው እርሳስ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ይበተናል፤ ልኩ ሲገኝ ግን አምስቱም ጥይት አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል። መለኪያው ግሬይን የሚባል፣ ከወርቅ ሠሪ በቀር ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ኢምንት ክብደት ነው። አቶ መንገሻ የጥይት መጨመቂያውን በምግብ ጠረጴዛው ላይ አስረው፣ የተተኮሰ ባዶ ቀለህ በባሩድና በእርሳስ እየሞሉ፣ በአንድ ሰማያዊ ደብተር እየጻፉ፣ ቅዳሜ በሜዳ እሑድ በጠረጴዛ ዓመት ሙሉ ፈለጉ። ወይዘሮ ፀዳለና መሠረት ራታቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ይበሉ ጀመር። በመጨረሻም አቶ መንገሻ አርባ አራት ግሬይን ላይ ቆሙ፤ በጣም ጥሩ ባይሆንም ከሌላው ይሻል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1985 የጸደይ ወራት ወይዘሮ ፀዳለ የሠሩትን ወንድማቸው ሳይሸፍን ያነባል። ባሩዱ የተሰፈረላቸው ሃያ ቀለሆች እርሳስ ሳይገባባቸው በሳጥናቸው ተደርድረው፣ አቶ መንገሻ ለሥራ ተጠርተው በወጡበት አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የባላቸውን ሚዛን ከፊታቸው አስቀምጠው ከሃያውም ቀለህ እኩል እኩል ባሩድ ቀነሱ። አሳባቸው ጥይቱ ሰንፎ፣ ዒላማው ተበትኖ፣ ባላቸው በጣውንታቸው እንዲያፍሩባትና እንዲተዋት ነበር።

በማግስቱ አቶ መንገሻ እየሮጡ ደረጃውን ወጡ። የያዙትን የዒላማ ወረቀት ዘርግተው፣ አምስት ጥይት የገባበትን ቀዳዳ በአንዲት ሳንቲም ከድነው አሳዩና፣ ወይዘሮ ፀዳለ ዓይናቸው እያየ ወረቀቱን ከሠርጋቸው ፎቶግራፍ ጎን ሰቀሉት። ወይዘሮ ፀዳለ በገዛ እጃቸው ጣውንታቸውን ሞሽረው ሰጡ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ታውቁታላችሁ። አቶ መንገሻ ደብተራቸውን አምነው አርባ አራት ግሬይን እየሞሉ በየቅዳሜው ሄዱ፣ ያ ቀዳዳ ግን አልተመለሰም። አፈሙዟን ደግመው አጸዱ፣ መነጽሯን ፈትተው አሰሩ፣ ነፋሱን ከሰሱ፣ ዓይናቸውን ለሐኪም አሳዩ፤ ሁሉም ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። ሰባት ሳምንት ሲሞላ፣ «እጄ ሞቷል» ብለው ጠመንጃይቱን ሣጥን ውስጥ ቆልፈው መስኮት ሥር ተቀመጡ። ከአገራቸው ይዘውት የወጡት ብቸኛ ሙያ ያ ነበርና፣ ከሥራ ሲመለሱ ከዚያ ወንበር አይነሡም፣ ሲጠሯቸውም አይሰሙም። ወይዘሮ ፀዳለ የተመኙትን ሁሉ አገኙ፤ ባላቸው ቅዳሜን ቤት መዋል ጀመሩ፣ ጣውንቲቱም ታሰረች። ነገር ግን ድሮ ቢያንስ ከሌላይቱ ጋር የነበረው ሰው አሁን ከማንም ጋር እንዳልሆነ ሲያዩ አልቻሉም፣ አንድ እሑድ ምሳ ቀርቦ ሳለ ያደረጉትን ተናገሩ።

አቶ መንገሻ እጃቸውን ሳይታጠቡ ወጥተው ሄይዋርድ ወዳለው ወደ አክሊሉ ቤት መጡና ሦስት ቀን ተቀመጡ። «ባሩዴን ነካች፣ አክሊሉ፣ ባሩዴን» ብቻ ይሉ ነበር። በአራተኛው ቀን ነገሩ በሽማግሌ እጅ ገባ፤ ዋናው ሽማግሌ ዛሬም በመካከላችን ያሉት፣ የአሥመራው ተወላጅ አቶ ክፍለ ነበሩ። አቶ ክፍለ በወጣትነታቸው ውርስም ግጦሽም አስታርቀዋል፣ በባሩድ የተጣላ ባልና ሚስት ግን ያኔ ገና ማየታቸው ነበር። ሁለቱን ወገን እስኪበቃቸው ሰምተው፣ «መንገሻ፣ አንተ ዓመት ሙሉ ትራይ አድርገህ ያጣኸውን እሷ በቅናት አንድ ጊዜ አገኘችው። እኔ ጃጅ ብሆን ሚዛኑን ለሷ ነው የምፈርድ» አሉ። ወይዘሮ ፀዳለም አንድ ነገር ካልተደረገልኝ አልቀበልም አሉ፦ የባሩዱ ልክ በደብተር አይጻፍም፣ ለባላቸውም አይነገርም፤ የፈለገ እርሳቸው ጋር ይመጣል። አቶ መንገሻ ራሳቸውን ነቅንቀው ተስማሙ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ወይዘሮ ፀዳለ የጣውንታቸው መጋቢ ሆነው ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ዓመታት ወይዘሮ ፀዳለ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ፣ ባላቸውን ከአጠገባቸው አስቀምጠው የሚዛኑን ቁጥር ግን በእጃቸው ከልለው፣ ሃያ ጥይት ሠርተው፣ ቆጥረው ይሰጡ፣ ቅዳሜ ሃያ ባዶ ቀለህ ቆጥረው ይቀበሉ ነበር። የሚቆጥሩበት ምክንያት ነበራቸው፤ ማንኛውም ተኳሽ አንዲት ጥይት አስቀርቶ እርሳሷን በመንቀያ ነቅሎ ባሩዷን ቢመዝን ምስጢሩን በደቂቃ ያውቀዋልና። አንድም ቀን ጎድሎ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1986 አቶ መንገሻ በሺህ ያርድ ውድድር ሁለተኛ ወጡ፤ የክለቡ ጸሐፊ የሆነች አንዲት ሴት ደስ ብሏት ብታቅፋቸው፣ ወይዘሮ ፀዳለ በመካከል ገብተው በእርሳቸው ፈንታ ታቀፉላቸው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም፣ ታጣፊ ወንበር ይዘው ከባላቸው ቀኝ ተቀምጠው ነፋሱን ይጽፉ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሦስታችን ነን ይሉ ነበር፣ ባል፣ ሚስትና ጣውንት።

ባለፈው ዓመት መጀመሪያ የጀመራቸው የሆድ ሕመም እየጠናባቸው ሄዶ፣ ሐኪሞች ሲመረምሩት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። አቶ መንገሻ ሜዳውን ሊተዉ ቢነሡ፣ «ታምሜ ጣውንቴን አሳሰርኳት እንዳይባል ሂድ» ብለው አስገደዷቸው፤ ሚዛኑንም አልጋቸው አጠገብ አስመጥተው እጃቸው እስከቻለ ሠሩ። የመጨረሻዎቹን ሃያ ጥይቶች ባለፈው ሰኔ ሰጧቸው። አቶ መንገሻ ግን አልተኮሷቸውም። ወይዘሮ ፀዳለ በየሳምንቱ ሳጥኑን እያስመጡ ሲቆጥሩ ሁልጊዜ ሃያ ነበሩ።

ሊያርፉ አምስት ቀን ሲቀራቸው ባላቸውን፣ «በእውነት አንድም ቀን ነቅለህ አላየህም?» ብለው ጠየቁ። አቶ መንገሻ፣ «ልኩን ባውቀው ኖሮ ሐሙስ ሐሙስ ምን ሰበብ ይዤ አጠገብሽ እቀመጥ ነበር፣ ፀዲ?» አሏቸው። ይህን የሰማው ወንድማቸው በር ላይ ቆሞ ነበርና፣ እህቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ማዞራቸውን አይቷል። ከዚያም ወደ ውስጥ ጠርተውት ይህን ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ፣ የባሩዱ ልክም በሕዝብ ፊት እንዲነበብ አዘዙት። ለባላቸው በጆሯቸው ለምን እንደማይነግሩ ሲጠይቃቸው፣ «ሰው ሁሉ ይስማ፤ መንገሻም ራሱ ይመዝን፤ ከእኔ በኋላ አንዷ ሴት ልመዝንልህ ብላ እንዳትጠጋው» ሲሉ መለሱለት።

ወይዘሮ ፀዳለ ዓባይነህ በተወለዱ በአርባ አንድ ዓመታቸው መስከረም 12 ቀን 1982 ዓ.ም. በቤታቸው ዐርፈዋል። ከኋላቸው ባለቤታቸውን አቶ መንገሻ ጥሩነህን፣ ልጃቸውን መሠረት መንገሻን፣ አዲስ አበባ ያሉትን እናታቸውን ወይዘሮ እጅጋየሁን፣ ወንድማቸውን አክሊሉን፣ እንዲሁም በራሳቸው ቃል ይጻፍ ባሉት መሠረት አንዲት ጣውንታቸውን ትተዋል።

አቶ መንገሻ፣ ልኩ አርባ ሦስት ግሬይን ከሁለት አሥረኛ ነው።

በአባታቸው ሱቅም በሰው አገርም ሚዛን በያዙ ቁጥር ማንንም ላልበደሉት ለእህታችን፣ አንዲት ዓርብ ብቻ ከሃያው ቀለህ ከእያንዳንዱ ያጎደሏትን ያችን የግሬይን ስምንት አሥረኛ፣ እውነተኛውን ሚዛን የያዘ አምላክ ይቅር ብሎ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ለልጃቸው ለመሠረትም፣ ለአቶ መንገሻም መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።